አርባ ስምንት ቁጥርና አንድ ኃጢአት

ላፕቶፔ አልነሳ ማለቱን የሰማሁት አፌን ሸፍኜ ነው።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ቆርቤ፣ ጸበል ጠጥቼ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ በሴቶች በር ስወጣ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጌትነት ከጥዱ ሥር ቆሞ አየሁት። ጌትነት ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ግን ወይ ሠርግ ወይ ቀብር ሲኖር ነው። የዚያን ዕለት ሠርግ እንደሌለ አውቃለሁ። ዲላ ያለችው እናቴ ሞታ ሊያረዳኝ መጣ ብዬ አሰብኩ።

«እንኳን አደረሰሽ» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ላፕቶፕሽ አልነሳ አለ።»

የእናቴ መርዶ አለመሆኑን ሳውቅ በነጠላዬ ውስጥ ተመስገን አልኩ። ምስጋናዬ ግን ሁለት እርምጃ እንኳ አልሄደም።

«እኔ ብዙም አልነካሁትም» አለ። «ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ሆኖ ቀረ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ጥቁር። ከዚያ የአዳራሹ ቴሌቪዥን መብራት ሲያገኝ የማስነሻውን ማስተካከያ እሱ ላይ አየሁት። ‹ጥበቃ› የሚል ነገር አለው። ይኼ ጥበቃ ይሆናል አንቆ የያዘው ብዬ አጠፋሁት። አሁን ሰማያዊ ሆኖ ቁጥር አምጡ ይላል።»

ዝም አልኩ።

«ዝም አትበይኝ እንጂ። ብትቆጪኝ ይቀለኛል።»

መቆጣት የት ተገኝቶ። የቆረበ ሰው አይቆጣም፣ አይጣላም፣ ምራቁን አይተፋም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም፣ ሩቅ መንገድ አይወጣም። እኔ ደግሞ ሕግ ከተባለ ከሕጉ አንድ ክንድ ወዲህ ቆሜ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጌትነትን ማለት የፈለግኩትን ሁሉ በዓይኔ ብቻ አልኩት። ዓይንስ አይቆርብም ወይ የሚል ጥያቄ መጣብኝና እሱንም ወደ መሬት አደረግኩት።

እዚህ ላይ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የዲላ ልጅ ነኝ። ደብረ ታቦር ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ የገበሬውን ማሳ እየለካሁ በካርታ ላይ ማስፈር ነው፤ በየቀበሌው «ለኪዋ» ይሉኛል። ከአገሬ ርቄ ስለምኖር ጥንቃቄዬ እጥፍ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ያሉበትን ቤቴን በሁለት ቁልፍ እዘጋለሁ፤ ባጃጅ ተሳፍሬ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ዘግቼ እንደሆነ ለማየት እመለሳለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋንም ትቆልፋለች» ትለኛለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ፣ አስባበት ያፈሰሰችውን ግን የተረተባት ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ስንት ጊዜ ተጠንቅቄ እንዳፈሰስኩ ቁጠሩልኝ።

መጀመሪያ። ሰኔ ላይ በጋፋት በኩል ያለ አንድ ቀበሌ ስለካ፣ አንድ ማሳ ላይ አንድ ሰው በሬ ጠምዶ ሲያርስ አገኘሁት። በኛ በኩል የጓሮ እንሰት የምትንከባከበው ራሷ ባለመሬቷ ናት፤ መሬት ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ካየን የማን ነው ብለን አንጠይቅም። ስሙን ብቻ ጠየቅኩት፤ «አስማረ» አለኝ። ጻፍኩ። ሰውዬው እርፍ ይዞ በሬውን «ና ወዲህ» እያለ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነውር መስሎኝ አለፍኩ። ለካ እዚህ አገር ሴት አታርስም። ባል የሞተባት ሴት መሬቷን የባሏ ወንድም ያርስላታል፤ ዋርሳዋ ነውና ግዴታው ነው። ማሳው የወይዘሮ ጥሩዬ ነበር፤ አስማረ የሟች ባሏ ወንድም ነው።

ሁለተኛ። የሰኔው ዝርዝር በቀበሌው ተነቦ ወይዘሮ ጥሩዬ ማሳዋ በዋርሳዋ ስም መውጣቱን ስትሰማ፣ ቢሮዬ ድረስ መጥታ «እታለም፣ ወንድም ያልሁት ሰው ቀማኝ» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ «አልቀማሽም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «አይዞሽ፣ ይስተካከላል፤ ጥቅምት ላይ ካርታው ለሕዝብ ሲታይ ሰው ባለበት እናርመዋለን» አልኳት። ሁለቱም እውነት ነው። እውነት ተጠንቅቀው ከመረጡት ከውሸት በላይ ይሸፍናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩዬና አስማረ ሰላምታ አቆሙ፤ እኔም ይህን እያወቅኩ አራት ወር ዝም አልኩ። ለራሴ «የሥራ ስህተት ነው፣ ኃጢአት አይደለም» አልኩት። ዓርብ ቀን ሳላውቅ ወተት ያለበት ሻይ የቀመስኩትን ለንስሐ አባቴ የተናገርኩ ሴት፣ ይህን ሳልናገር ቀረሁ።

ሦስተኛ። ካርታው ለሕዝብ የሚታየው በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ ግን «ሰው በጣቱ እየነካ ስም ያጠፋል» ብዬ በቴሌቪዥን እናሳይ አልኩ። በዋዜማው ምሽት ቤቴ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ተለማመድኩ። ላፕቶፑን «በቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ አሳይ» ብዬ አዘዝኩት፤ የራሱ መስታወት ላይ የሚታየውን ሌላ ሰው ከጎኔ ሆኖ እንዳያነብብኝ። ከዚያ እኔ ቅዳሴ ስለምገባ ላፕቶፑን ለጌትነት ሰጠሁት። ጠዋት ጌትነት አዳራሹ ውስጥ ገመዱን ሰክቶ ሲያበራው፣ ቴሌቪዥኑ ገና መብራት አላገኘም። ሞቷል የተባለው ላፕቶፕ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ ላልበራ ቴሌቪዥን ሲያወራ ነበር። እንዲህ ማዘዜን ለጌትነት አልነገርኩትም፤ ጥንቃቄ ሲነገር ይቀንሳል የሚል እምነት አለኝ።

አራተኛውና ትልቁ ይኸውላችሁ። ከሳምንት በፊት ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ቆልፌው ነበር፤ ቢሰረቅ ማንም እንዳይከፍተው። እንዲህ ሲቆለፍ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁጥር ይሰጣል። ማሽኑ በማስነሻው ላይ አንድ ነገር የተነካበት ከመሰለው ያን ቁጥር ካላመጡለት ንቅንቅ አይልም። ሌላ ሰው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ያስቀምጠዋል። ስልክ ይጠፋል። ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጠዋል። ኢንተርኔት የማን ቤት እንደሆነ አላውቅም። የካርታውን ፋይል ቅጂ ጠይቃችሁኝ እንደሆነ አለኝ፤ ሌባ እንዳያገኘው ብዬ በፍላሽ ዲላ ልኬዋለሁ፣ እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ቁጥሩን ግን ምስጢር ለሚጠብቅ ሰው ልስጥ ብዬ ሳስብ ሳስብ፣ ከንስሐ አባቴ ከአባ ገብረ ሕይወት የተሻለ አላገኘሁም።

ቁጥሩን በወረቀት ጻፍኩት። ወረቀቱን ሰው ቢያገኘውስ ብዬ በግእዝ ቁጥር ጻፍኩት። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ዜሮ ባለበት ቦታ መስቀል ሠራሁ። በብርሃን እንዳይነበብ በሁለት ካርቶን መካከል አደረግኩት፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፣ ፖስታውን ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት፣ ወስጄ «አባታችን፣ ይህን ማንም እንዳያየው፤ ለሌላ ሰው መናገር የማልችለው ነገር ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። አባታችን ፖስታውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ፤ አዘኑልኝም። ከዚያ በቀን አርባ አንድ ስግደት ለሰባት ቀን አዘዙኝ። ለወተቱ በዛ ብዬ ነበር። ሊያበረቱኝ ነው ብዬ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ።

እንግዲህ ከሚካኤል ደጅ ወደ ጋፋት በባጃጅ ነጎድን። ሩቅ መንገድ አይሄድም የሚለው ባጃጅን ይጨምራል ወይ እያልኩ ራሴን ስመረምር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የቀበሌው አዳራሽ ደረስን።

አዳራሹ ሞልቷል። በዓል ስለሆነ እርሻ የለም፤ ሰው ሁሉ መጥቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ከቤቱ በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣው ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከፊት ወይዘሮ ጥሩዬ የታጠበ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። አስማረ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በመካከላቸው መላው ቀበሌ አለ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ደምሴ ከዘራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ።

«ለኪዋ፣ ይኼ ሰማያዊው የማን ማሳ ነው?»

«ማሳ አይደለም አያ ደምሴ። ቁጥር እየጠየቀ ነው።»

«የማንን ቁጥር?»

«የእኔን።»

«ታዲያ አታውቂውም?»

«አርባ ስምንት አሃዝ ነው።»

«ያንቺን ቁጥር አንቺ ካላወቅሽው እሱ በምን ያውቀዋል?» አሉና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። ጎረቤታቸው «ስታሳድጊው ክፉ አመል አስለምደሽው ነው» አለኝ። ለካ ጌትነት «ራሷ ናት እንዲህ ያስለመደችው» ብሎ ነግሯቸዋል።

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። «እስከ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። «ከዚያ ወዲያ ሰው ለጽዋ ማኅበሩ ይበተናል። ዛሬ ታይቶ ያልታረመ ደግሞ እንደተለካው ይጸድቃል። ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

ራሴ ነኝ ያልኩት።

ጥሩዬ ነጠላዬን ጫፉን ያዘች። «እታለም፣ ዛሬ ይታያል አይደል?»

«ይታያል» አልኳት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሳልቆጣ፣ እንደቆረበ ሰው።

አባ ገብረ ሕይወት ሐሙሲት ከተማ ለማኅበር እንደሄዱ አውቃለሁ። ደወልኩ። ጌትነት ቁጥሩን ሰምቼ ልጻፍ ብሎ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ድምፁን ለሁሉ ከፈተውና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያን ጊዜ ለጥንቃቄ ያህል ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ።

«አባታችን፣ እንኳን አደረሰዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰሽ ልጄ። ቆረብሽ?»

«ቆረብኩ። አባታችን፣ ያ የሰጠሁዎት ፖስታ አለ?»

«ስግደቱን ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ። ፖስታው ግን—»

«እንግዲያው አታስቢ። ይዤው በመጣሁት በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ነው፤ ዛሬ ሠርክ አቃጥለዋለሁ። ተፈትተሻል።»

«ለምን ይቃጠላል?»

«ኃጢአት ተጽፎ ከተሰጠ ወዲያ አይቀመጥም እኮ። አፍ አውጥቶ መናገር ያፈረ ሰው ይጽፋል፤ አባት ይጸልይበታል፤ ይቃጠላል። እኔ አልከፈትሁትም። ክብደቱን በእጄ መዝኜ ነው ቀኖና የሰጠሁሽ።»

አዳራሹ ሁሉ ጆሮውን ወደ ስልኩ አቀና። እንዲህ ያለ ጆሮ የግብር ስብሰባ ለሚመሩት እንኳ ሰጥቶ አያውቅም።

«ወፍራም ነበር» አሉ አባታችን፣ ለራሳቸው ያህል።

«አባታችን፣ ኃጢአት አይደለም። የላፕቶፕ ቁጥር ነው። ይክፈቱትና ያንብቡልኝ።»

«በስልክ?»

«አዎ።»

«ሰው እየሰማ?»

«ግድ የለም፣ ይስማ።»

«ልጄ፣ ከተፈታ በኋላ እንዲህ ማለት ከጠላት ነው። ኃጢአት አንዴ ተጥሎ መልሶ አይለቀምም።»

አስረዳሁ። ማስረዳቴ አባሰው። ላፕቶፑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ቁጥር ሆኖ፣ ቁጥሩ ፖስታ ውስጥ መሆኑን በነገርኳቸው ቁጥር አባታችን «አይዞሽ» ብቻ ይላሉ። በመጨረሻ አያ ደምሴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«አባ፣ ደምሴ ነኝ ከጋፋት። ይባርኩኝ።»

«ይባርክህ። አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?»

«ሁላችንም እዚህ ነን። ልጅቱ የሠራችውን አናውቅም፤ ማወቅም አንፈልግም። እኛ ይቅር ብለናታል። አንቱ ብቻ ያንብቡት፤ የሴት መሬት ተይዞበታል።»

«የሴት መሬት» የሚለው ነው አባታችንን የረታቸው። ፕላስተሩ ሲላጥ በስልኩ ተሰማ። ረጅም ጊዜ ተላጠ።

«ቁጥር ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ነገር አላውቀውም፤ ትንሽ ያዘኑ ይመስላል። «ሰባት ቀን ሙሉ ለቁጥር ነው የጸለይሁ?»

«ይቅርታ አባታችን።»

«ሰመንቱ» አሉ። ንባቡን ጀምረው ነው። የግእዝ ቁጥር ያየ ቄስ በግእዝ እንጂ በምን ያነበዋል። ጌትነት ጣቱን አንስቶ አየኝ። ደግነቱ አያ ደምሴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ከዘራቸውን አስቀምጠው መተርጎም ያዙ።

«ሰመንቱ» ይላል ስልኩ።

«ስምንት» ይላሉ አያ ደምሴ።

ጌትነት ይጽፋል፤ ስምንቱ በቴሌቪዥኑ ላይ ጥፍር አክሎ ሳይሆን ጡብ አክሎ ይታያል። ከሌባ፣ ከባልደረባ፣ ከኢንተርኔት የሸሸግኩት ቁጥር በመላው ቀበሌ ፊት አንድ በአንድ ይወጣል። ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ ያነሳል።

«ኀምስቱ።»

«አምስት።»

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «እግዚአብሔር አምላክ ይባርካችሁ፣ ይቀድሳችሁ» የሚል መጣ።

«አሜን» አለ አዳራሹ።

«አባታችን፣ ቀጣዩ ቁጥር?»

«ቁጥር አይደለም። መስቀል ነው ያለው።»

በቅዳሴ መጽሐፍ ውስጥ መስቀል ያለበት ቦታ ሲደርሱ ካህኑ ይባርካሉ። አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ የኖሩ ናቸው፤ መስቀል አይተው ዝም ብለው ሊያልፉ አይችሉም። ዜሮ ነው ብዬ ነገርኳቸው። «መስቀል ዜሮ ነው አትበይኝ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ መስቀል በመጣ ቁጥር ባረኩ፤ ሕዝቡ አሜን አለ፤ ጌትነት ዜሮ ጻፈ። እንዲህ ያለ መንገድ ላፕቶፕ የሠሩት ሰዎች ያሰቡት አይመስለኝም፤ ግን ይሄድ ነበር።

ስድስት ስድስት አሃዝ በየመስመሩ እየገባ እስከ አራተኛው መስመር ሄደ። አራተኛው ላይ ማሽኑ ተሳስታችኋል አለ። እንደገና ተነበበ፤ እንደገና ተሳስታችኋል። በሦስተኛው ሙከራ ነው የገባኝ፤ ጌትነት ጣቱን በአሜን ማስኬድ ለምዷል። ከኋላ ያሉ አንዲት እናት ደግሞ የራሳቸውን ጸሎት እያደረሱ ሳይባረክ አሜን ይላሉ። ጌትነት የእሳቸውንም ዜሮ አድርጎ ይጽፈዋል።

«እማማ፣ ትንሽ ቢቆዩን» አላቸው።

«በሚካኤል ቀን አሜን አትበሉ የሚል ባለሥልጣን መጣ ደግሞ» አሉና ዝም አሉ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን አርባ ስምንተኛው አሃዝ ገባ። ላፕቶፑ ቁጥሩን ተቀበለ። እልል ተባለ። አባታችን «ምኑ ነው የተገኘው?» እያሉ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ።

ጥቁር ሆኖ ቀረ። የላፕቶፑም መስታወት ጥቁር ነው። ጌትነት ገመዱን ይነቅላል፣ ይሰካል። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን ያያል። ሰው በኔና በጥቁሩ ቴሌቪዥን መካከል ዓይኑን ያመላልሳል፤ ፖስታው ሌላ ገጽ ሳይኖረው አልቀረም የሚል ዓይን ነው።

ጥሩዬ ጠጋ አለችኝና እጄን ያዘች።

«እታለም፣ አትፈሪ። ምንም ብትሠሪ እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ ወደ ኋላ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የሙት ወንድሙን ሚስት መሬት በስሙ ያስጻፈ እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንቺ ምን ሆነሽ ትሸማቀቂያለሽ።»

አስማረ ከግድግዳው አልተነቃነቀም።

እኔ የማውቀው አለ። አፌ የዚያኑ ጠዋት ቅዱስ ቁርባን የተቀበልኩበት አፍ ነው። ይህን አፍ ለመጠበቅ ስል ቁጣ ውጫለሁ፣ ምራቅ ውጫለሁ። እውነቱን ደግሞ አራት ወር ውጬ ይዤዋለሁ፤ ይህ ግን ከሚዋጡት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

«እሱ አላስጻፈም» አልኩ።

ጥሩዬ እጄን እንደያዘች ቀረች።

«ሰኔ ላይ ስመጣ እሱ ያርስ ነበር። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ስሙን ብቻ ጠይቄ ጻፍኩ። ቢሮ መጥተሽ ስታለቅሽ ነው ስህተቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ። አልነገርኩሽም። አፈርኩ።»

የቅድሙ እናት እንኳ አሜን አላሉም።

አስማረ ከኋላ ወደ ፊት መጣ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ ሰው መንገድ ለቀቀለት።

«አራት ወር» አለ። «ጠዋት በደጇ ሳልፍ ‹እንዴት አደራችሁ› ስል በር ይዘጋብኛል። ከሰው ጋር ስቀመጥ ሰው ወሬውን ይቆርጣል። ሚስቴ እንኳ ‹እውነቱን ንገረኝ› አለችኝ። አንቺ ልጅ፣ እኔን ብትጠይቂኝ እኮ መልሱ አፌ ላይ ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«ያንቺ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «መሬቱ የሷ ነው። ወንድሜ በሕይወት ሳለም የሷ ነበር፤ ከአባቷ የመጣ ነው። እኔ በሬና ጉልበት ብቻ ነኝ። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

«ሰምተናል» አለ አዳራሹ።

ጥሩዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ስትገልጠው አስማረን ሳይሆን መሬቱን እያየች ነበር።

«ገብሱ ደርሷል» አለች። «ማን ያጭድልኛል ብዬ ሰው ስፈልግ ነበር የሰነበትሁ።»

«አይቼዋለሁ ሳልፍ» አለ አስማረ። «ነገ ዛሬ ሳይባል መታጨድ አለበት።»

«እንግዲያው ማጭድህን ይዘህ ና። ምሳ እኔ ጋ ነው።»

ይኼው ነው። ይቅርታ የሚል ቃል ማንም አላወጣም። ወንበር ፈልገው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው፤ አያ ደምሴ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ጉንፋን ይዞኛል አሉ።

ያን ጊዜ ጌትነት ገመዱን ለስድስተኛ ጊዜ ሰካና ቴሌቪዥኑ በራ። ካርታው ወጣ። የጥሩዬ ማሳ ከወንዙ ከፍ ብሎ እንደ ተቀደደ እንጀራ ቁራሽ ጠማማ ሆኖ ይታያል፤ ላዩ ላይ «አስማረ» ይላል። ሁሉም እያየ «አስማረ» የሚለውን አጠፋሁ። «ጥሩዬ» ብዬ ጻፍኩ። እልል ተባለ። ማስቀመጫውን ተጫንኩና በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ላፕቶፑም ጠዋት ሲነሳና ሲወድቅ ባትሪውን ጨርሶ ኖሮ አብሮ ሄደ።

ሊቀመንበሩ «ወረቀት ላይ እናስፈርም ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ነበር፤ ሰው ሁሉ ገና አልተበተነም። እኔ፣ ቤቴን በሁለት ቁልፍ የምዘጋው፣ ከግማሽ መንገድ የምመለሰው፣ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«አያስፈልግም፤ ተመዝግቧል። በሰላም ሂዱ።»

በማግስቱ ቢሮ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ያለ ቁጥር፣ ያለ ቄስ፣ ያለ አሜን ብድግ ብሎ ተነሳ። ማሳው ላይ «አስማረ» ይላል። አልተቀመጠም። የማሳያው ቀን ደግሞ አልፏል፤ አሁን ስሙን እኔ በራሴ እጅ ብለውጠው ማጭበርበር ነው። ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከሰኔ ጀምሮ። ተቆጣ፤ ደግ አደረገ። ከዚያ መመሪያውን አገላብጦ አንድ ቀዳዳ አገኘልኝ። በማሳያው ዕለት አዳራሽ ውስጥ የነበሩ አምስት የቀበሌው ሰዎች፣ አስማረ መሬቱ የጥሩዬ ነው ሲል በጆሯችን ሰምተናል ብለው ከፈረሙ መዝገቡ ይታረማል። አስማረና ጥሩዬ ጉዳዩ የራሳቸው ስለሆነ አይቆጠሩም። ጌትነትም የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነውና አይቆጠርም።

አባ ገብረ ሕይወት ዘንድም ሄድኩ። በፖስታ ሳይሆን በአፌ ተናገርኩ። ጨርሼ ስግደቱን ስጠብቅ «የስግደቱን አስቀድመሽ ከፍለሻል» አሉኝ። «አሁን ያጠፋሽውን ሰው እንዲያነበው አድርገሽ ጻፊው። እኔም አላቃጥለውም።» ይህን የምታነቡት ስለዚህ ነው።

እስካሁን አያ ደምሴና ሊቀመንበሩ መጥተው ፈርመዋል። የአሜኗ እናትም መጥተው ጣታቸውን አሳርፈዋል፤ «አሁንስ ልናገር ይፈቀዳል?» ብለው ጌትነትን ጠይቀውት ነው የሄዱ። ሁለት ሰው ይቀረናል። ገብሱ ግን በአጨዳ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ማሳ ወርዷል፤ መዝገቡ ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል።

ስለዚህ የጥቅምት ሚካኤል ዕለት እዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበራችሁ፣ ማንበብ የማይችሉትን ደግሞ እናንተ የምታነቡላቸው፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያያችሁትን ቁጥር ለውጬዋለሁና እርሱት፤ ፎቶውንም አጥፉት። ፖስታው ይህን ያህል ለምን ከበደ እያላችሁ የጨመራችሁልኝንም ኃጢአት ሁሉ ብትፈልጉ ያዙት፤ አልጠይቃችሁም። አስማረ የተናገረውን ግን አትርሱ። «ሰምተናል» ብላችኋል፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ጆሮ ግን አይቆጠርም። ከናንተ መካከል ሁለት ሰው፣ ማጭዱን ለግማሽ ቀን አስቀምጦ፣ ይምጣልኝ። ቢሮአችን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል። እኔ ቀድሜ በሩ ላይ እቆማለሁ።